የእጅ ዋጋ የማያውቅ በፖርሽ አይሳቅ

ሰሞኑን ኮምቦልቻ ላይ ስለ ወጣቶች ሥራ ፈጠራ በተደረገ ውይይት አንድ የሥራ ኃላፊ ሳቁ። ያሳቃቸው ቀልድ አልነበረም። ጥቂት ወጣት መካኒኮች አሮጌ መኪኖችን ከሥር ጀምሮ የሚያድሱበት ሼድ እንዲሰጣቸው ጠየቁ፤ ምን ዓይነት ሥራ እንዳሰቡ ለማስረዳትም በስልካቸው አጭር ቪዲዮ አሳዩ። ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ፖርሽ የተባለ የጀርመን ስፖርት መኪና ተፈትቶ፣ ተገፎ፣ እንደገና ሲገጣጠም የሚያሳይ ነው። ኃላፊው አይተው ሳቁና ይህ የጠገበ ሰው ቅንጦት እንደሆነ፣ ዘመኑም የኤሌክትሪክ መኪና ዘመን እንደሆነ፣ ደግሞስ አሮጌ መኪና ለማደስ በሚወጣው ገንዘብ ስንት አዲስ መኪና እንደሚገዛ ተናገሩ። ጥያቄው በዚያው ተዘጋ። ሼዱ ለሌላ «አዋጭ» ዘርፍ ይታሰባል ተባለ።

ከመጨረሻው ነጥብ ልጀምር፤ ከሦስቱ ደካማው እሱ ነውና። በዚያ ገንዘብ ስንት አዲስ መኪና ይገዛል? ይግዙልንና እንይ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከናካቴው ወደ ሀገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተወሰነና የዶላር ዋጋ በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ሦስቱም የመንግሥት ውሳኔዎች ናቸው፤ ልክ ናቸው አይደሉም የሚለውን ዛሬ አላነሳም። የሦስቱ ድምር ግን ግልጽ ነው፦ ደሴ ፒያሳ ላይ ቆሞ ደንበኛ የሚጠብቀው አሮጌ ኮሮላ ተተኪ የለውም። ባለቤቱ ያለው ምርጫ ያንኑ መኪና ማሳደስ ወይም በእግር መሄድ ነው። አዲስ የነዳጅ መኪና የማይገባበት አገር ውስጥ ተቀምጦ «አዲስ ይግዛ» ማለት ምክር ሳይሆን ስድብ ነው።

ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው ለሚለው አንድ ነገር እሰጣለሁ። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ በደሴ ከፍታ አይደክምም፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድም ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። መልካም። ነገር ግን የኤሌክትሪክ መኪናም ፍሬን አለው፣ መሪ አለው፣ ኩሽኔታ አለው፣ ላሜራው ይዝጋል፣ መቀመጫው ይቀደዳል። እሱም ያረጃል። ያረጀ ዕለት የሚፈታው ማን ነው? ዛሬ ሼድ የተከለከለው ልጅ ነው፤ ያውም እስከዚያ ተስፋ ቆርጦ ባጃጅ መንዳት ካልጀመረ። ፖርሽ ራሱ ታይካን የሚባል የኤሌክትሪክ መኪና እየሠራ ይሸጣል፤ ይህ ግን አሮጌዎቹን እንዲጥል አላደረገውም። እ.ኤ.አ. በ2018 ሰባኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ማምረቱን ካቆመ ሃያ ዓመት የሞላውን 993 ቱርቦ የተባለ ሞዴሉን ከመለዋወጫ መጋዘኑ ባወጣቸው ዕቃዎች ገጣጥሞ አንድ ብቻ ሠራ። መኪናው በጨረታ ከሦስት ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጦ ገንዘቡ ለበጎ አድራጎት ዋለ። የፋብሪካው ባለቤቶች ያላፈሩበትን አሮጌ መኪና የመሥራት ሙያ እኛ በምን አንገታችን እንደምናፍርበት አይገባኝም።

ይህን ንግግር ከሌላ ከተማ ብሰማው ምናልባት ዝም ባልኩ ነበር። ያንገበገበኝ ኮምቦልቻ ላይ መነገሩ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ፋብሪካዎቿ የተዘረፉባትና የወደሙባት ከተማ እኮ ናት! ማሽን ተፈትቶ ሲወሰድ፣ ያልተወሰደው ደግሞ ሲሰባበር ያየች ከተማ። ከዚያ በኋላ ሥራ የቀጠሉት ፋብሪካዎች ሁሉ በአዲስ ማሽን አልቀጠሉም። የተረፈውን ፈትቶ፣ አጥቦ፣ የጎደለውን ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ አውጥቶ የገጠመ ሰው ነበረ። ያ ሰው ባይኖር ኮምቦልቻ ዛሬም የምትጠብቀው የግዢ ጨረታ በሆነ ነበር። በዚህች ከተማ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ጥገና ጊዜው ያለፈበት ነገር ነው ማለት የሚቻለው ወይ ባለመኖር ነው ወይ በመርሳት።

እስኪ ኃላፊውን ያሳቃቸውን ሥራ እንመልከተው። ድርጅቱ ሲንገር ይባላል፤ እናቶቻችን ከሚያውቁት የልብስ ስፌት መኪና ጋር ዝምድና የለውም። እ.ኤ.አ. በ2009 ካሊፎርኒያ ውስጥ የመሠረተው ሮብ ዲኪንሰን የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ የመኪና ንድፍ ተምሮ፣ ኋላ የሮክ ሙዚቃ ድምፃዊ ሆኖ፣ በመጨረሻ ወደ ልጅነት ፍቅሩ የተመለሰ ሰው። ሲንገር መኪና አያመርትም። ደንበኛው እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1994 የተመረተውን፣ 964 በሚል ቁጥር የሚታወቀውን ፖርሽ 911 ያቀርባል። መኪናው እስከ ራቁት አካሉ ድረስ ይፈታል። ዝገቱ ይጠረጋል፣ ብረቱ ይጠናከራል፣ አብዛኛው የውጭ አካሉ በካርቦን ፋይበር ይተካል፣ ሞተሩ እንደገና ይሠራል። ከተራቀቁት ሥራዎቻቸው አንዱ ከእንግሊዙ የዊሊያምስ ምህንድስና ድርጅት ጋር የሠሩት ነው። አራት ሊትር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ በደቂቃ ከ9,000 ዙር በላይ የሚሽከረከር፣ 500 የፈረስ ጉልበት የሚያወጣ ሞተር፤ የተቀመጠውም አንድ ቶን እንዳይሞላ ታስቦ በተሠራ መኪና ላይ ነው። እንዲሠሩ የታሰቡት 75 ብቻ ናቸው። የአንዱ ዋጋ 1.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነ ተዘግቧል። በዛሬው ምንዛሪ ስንት ብር እንደሚሆን አንባቢ ያስላው፤ እኔ ካሰላሁት ከጉዳዬ እወጣለሁ።

አዎን፣ የሞተሩን ክፍል በተሰፋ ቆዳ የሚያለብሱበትም አለ። ኃላፊው ከሁሉም በላይ የሳቁት በዚህ ነበር። ለቆዳው ጥብቅና አልቆምም፤ ዘይትና ሙቀት ባለበት ቦታ ቆዳ ምን ይሠራል? (የቆዳ ፋብሪካ ባላት ከተማ ውስጥ በቆዳ መሳቅም ግን ራሱን የቻለ ድፍረት ነው።)

ልጆቹ ቆዳውን አላዩትም። አውቃቸዋለሁ፤ እሑድ እሑድ ከአንድ ቶርኖ ቤት ጥላ ሥር ተሰብስበው ያንኑ ቪዲዮ ያያሉ፣ ያቆማሉ፣ መልሰው ያያሉ። ስለ ዋጋው ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። የሚከራከሩት በሌላ ነው፦ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ ለአንድ ፒስቶን አራት ቫልቭ እንዴት አስገቡበት? ያን ያህል የሚሽከረከር ሞተር በአየር ብቻ እንዴት ሳይነድ ይቀራል? ሐረጎን በስንተኛ ማርሽ ይወጣል? በዚህ በመጨረሻው ጥያቄ የተነሣው ክርክር ለጉድ ነው። አንዱ ልጅ ስልኩ ላይ ሲያሰላ አየሁት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ፤ ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል፤ ያለ ቱርቦ፣ ማለትም አየር የሚገፋለት መሣሪያ ሳይኖረው የሚተነፍስ ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይወርዳል፤ ስለዚህ ያ 500 ፈረስ ደሴ ፒያሳ ሲደርስ 400ም አይሞላም። ፖርሹም ቢሆን ደሴ ላይ ይደክመዋል ብለው ሳቁ። ይህ ሳቅ ከአዳራሹ ሳቅ ይለያል፤ ከስሌት በኋላ የመጣ ነው። ይህንኑ ነገር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ለማስረዳት ስንት ጠመኔ እንደሚያልቅ የፊዚክስ መምህራን ይመስክሩ።

ደግሞ ይህ መኪና የሚመስለንን ያህል ባዕድ አይደለም። ቮልስን የማያውቅ አለ? ሞተሯ ከኋላ ነው፣ ራዲያተር የላትም፣ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። ቮልስን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። ልጁ ፌሪ የቮልስን ዕቃዎች መነሻ አድርጎ 356 የተባለውን፣ የቤተሰቡን ስም የያዘውን የመጀመሪያ መኪና ሠራ፤ የልጅ ልጁ ደግሞ 911ን ነደፈ። እ.ኤ.አ. በ1963 ፍራንክፈርት ላይ ለእይታ ሲቀርብ ስሙ 901 ነበር፤ ፔዦ መሃሉ ላይ ዜሮ ያለበት ባለ ሦስት አሃዝ ስም የእኔ ነው ብሎ ስለተቃወመ ነው 911 የሆነው። ፔዦ 404 ተሳፍሮ ያደገ ሰው ፔዦ ለምን እንደተቆጣ ይገባዋል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱባት ቮልስና ካሊፎርኒያ ውስጥ የታደሰው ፖርሽ የአንድ ዘር ልጆች ናቸው። አራት የነበረው ፒስቶን ስድስት ሆነ እንጂ የሞተሩ አተኛኘት ያው ነው። የቮልስ ሞተር አውርዶ የሠራ የደሴ መካኒክ የ911ን ሞተር ቢያቀርቡለት ግራ የሚገባው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ እጁ መንገዱን ያገኛል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ያንን ፖርሽ ያንን ያህል ያስወደደው ምንድን ነው? ብረት እንዳይባል ብረቱ አሮጌ ነው። ያስወደደው ጊዜ ነው፤ ሙያ የጠገቡ ሰዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዓታት። በእኛ ጋራዥ ቋንቋ የእጅ ዋጋ። ኃላፊው የሳቁት፣ ሳያውቁት፣ በእጅ ዋጋ ነው። እኔን ያስቆጣኝም ይኸው ነው፤ ይህን ሳቅ ስለማውቀው። በየጋራዡ በየቀኑ እሰማዋለሁ።

ደንበኛው መለዋወጫ ሊገዛ ሲሄድ ሻጩ የጠራውን ዋጋ ጥቂት ተከራክሮ ይከፍላል። ዕቃው በካርቶን ተጠቅልሎ እጁ ላይ ሲቀመጥለት ገንዘቡ የት እንደገባ ስለሚያይ ልቡ ይረጋጋል። የእጅ ዋጋ ላይ ሲደርስ ግን ዓይኑ ይቀላል። «አንድ ቡሎን ለማጥበቅ ይህን ሁሉ?» ይላል። ያችን ቡሎን ለማግኘት ግማሽ ሞተር መፍታት እንደነበረበት፣ ሰውየው መኪና ሥር ጀርባው ላይ ተኝቶ እንደዋለ፣ የትኛዋ ቡሎን እንደላላች ለማወቅ ሃያ ዓመት እንደፈጀበት አይታየውም። ዋጋውን በግማሽ ያስቀንሳል። ከዚያ ከመካኒኩ ጀርባ ቆሞ ሰዓቱን እያየ «ለጊዜው ያዝልኝ» ይላል።

ለጊዜው የተያዘው ለዘለዓለም ይቀራል። የጭስ ማውጫዋ ማርሚታ በሽቦ እንደታሰረች ሊብሬው ሦስት ባለቤት ይቀይራል። በሞተሩ ክፍሎች መሃል የሚገባው ጓርኒሲዮን መቀየር ሲገባው በማጣበቂያ ይታለፋል። የዛገው ላሜራ ተቆርጦ በአዲስ መተካት ሲገባው በስቱኮ ይሞላና ቀለም ይቀባል፤ ክረምቱ ሲያልፍ ዝገቱ ከቀለሙ ሥር እንደ ቡግንጅ ብቅ ይላል። ያን ጊዜ የሚሰደበው ስቱኮውን ያዘዘው ደንበኛ ሳይሆን ስቱኮውን የመረገው ልጅ ነው። ከለማጅነቱ ዘመን ጀምሮ ሲነገረው ያደገው «ቶሎ በል» ነው፤ አስተካክለህ ሥራ ብሎ ለማስተካከያው የከፈለው የለም። ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ ይባላል። የሰንበሌጡ ግድግዳ ሲወድቅ ግን አቧራ ያነሣል እንጂ ሰው አይገድልም፤ ለጊዜው የተያዘ ፍሬን የሚለቀው ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ነው። በዚያ ቁልቁለት ፍሬን እምቢ ብሎት የተገለበጠ መኪና ሁሉ ታሪኩ ወደ ኋላ ቢቆጠር መነሻው አንድ የእጅ ዋጋ ክርክር ላይ ይገኛል ብዬ አምናለሁ። ዘገባው «የቴክኒክ ብልሽት» ብሎ ያልፋል። ቴክኒኩ አልተበላሸም። አልተከፈለበትም።

እንግዲህ ልጆቹ ያንን ቪዲዮ ደጋግመው የሚያዩት ለዚህ ነው። የሚቀኑት በመኪናው ባለቤት አይደለም፤ በመካኒኩ ነው። አንድ ሰው ረጋ ብሎ አንዲት ክፍል ይለካል፣ ሳትስማማው ስትቀር ይተዋትና ሌላ ይጀምራል፤ ከጀርባው ቆሞ «አልደረሰም እንዴ?» የሚለው የለም። ጠረጴዛው ንጹሕ ነው፣ መብራቱ በቂ ነው፣ የሚያስፈልገው ቁልፍ በቦታው ተሰቅሏል። ሥራው ሲያልቅ አልቋል የሚለው እሱ ራሱ ነው። ይህ ለአንድ የኮምቦልቻ ወጣት መካኒክ ከ1.8 ሚሊዮን ዶላሩ ይበልጥ የሚያስደንቅ ነገር ነው። ዶላሩን በዜና ብዙ ጊዜ ሰምቶታል፤ ጊዜ የተሰጠው መካኒክ ግን አይቶ አያውቅም። እንዳያይም ሆኖ ነው የሚሠለጥነው። የአውቶ ሜካኒክ ምሩቅ ሆነው አንድም ሞተር በእጃቸው አውርደው የማያውቁ፣ የተማሩትን ሁሉ ከፎቶ ኮፒ የተማሩ ልጆች አውቃለሁ። ሼዱ የተጠየቀው ይህን ለመጠገን ነበር።

ሌላም አለ። የመጀመሪያውን የ911 ሞተር የነደፈው ሃንስ ሜዝገር የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ፖርሽን ለመጀመሪያ ጊዜ የለ ማን የመኪና ውድድር አሸናፊ ያደረገው፣ 917 የተባለው የውድድር መኪና ሞተርም የእሱ ሥራ ነው። ሲንገርና ዊሊያምስ ያንን አራት ሊትር ሞተር ሲሠሩ፣ ዕድሜው ሰማንያዎቹ ውስጥ የነበረውን ይህን ሰው አማካሪ አድርገው ጠሩት። ሰማንያ ያለፈው ሽማግሌ! እኛስ? ፊያት ኤንትሬ ከሚባለው የጭነት መኪና ዘመን የተረፉ፣ በአሰብ መንገድ የሚመላለሱ ከባድ መኪኖችን ሲጠግኑ ያረጁ፣ ሞተር በሩቁ ሰምተው የትኛው ቫልቭ እንደላላ የሚናገሩ ሰዎች በየቤታቸው ተቀምጠዋል። የልጆቹ ሐሳብ ውስጥ እንዲህ ያሉ ሁለት ጋሼዎች በአሠልጣኝነት ተካተው ነበር። ሐሳቡ እስከ መጨረሻው ቢነበብ ኖሮ ኃላፊውም ያዩት ነበር፤ የተነበበው ግን ቪዲዮው ብቻ ነው፣ እሱም እስከ ቆዳው ድረስ።

ቅንጦት ነው የሚለው ቀረ። ዋጋው ያሳብዳል፤ እንዲህ ያለ መኪና የሚገዛን ሰው ለመከላከል ብዕር አላነሣም። ነገር ግን ሸማኔ ለሙሽራ ቀሚስ ጥለት ወር ሙሉ ጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲሠራ፣ ቤተሰቡም የጠራውን ዋጋ ሲከፍል፣ በዚህ ገንዘብ ስንት ሰልባጅ ይገዛ ነበር ብሎ የሚስቅ ባለሥልጣን አላየሁም። ጥበቡን አድንቆ፣ መርቆ፣ ጠጁን ጠጥቶ ይሄዳል። ያ ክብር እጁ ዘይት የነካውን ሰው ሲያልፈው ነው ነገሩ የሚያመኝ። የዘይት እጅ ዝቅ ተደርጎ የሚታይበት ልማድ ፋብሪካ እናብዛ ከሚባልበት መድረክ ላይ ሲወጣ ደግሞ ከማመም አልፎ ያስፈራል።

አዋጭ ስለተባለው ዘርፍ ብዙ አልልም። ስንት ሼድ ለአዋጭ ዘርፍ ተሰጥቶ የሲሚንቶ መጋዘን ሆኖ እንደቀረ ከተማው ያውቃል።

ልጆቹ 1.8 ሚሊዮን ዶላር አልጠየቁም፤ ፖርሽም አልጠየቁም። የጠየቁት አንድ ሼድ፣ ባለ ሦስት ፌዝ የኤሌክትሪክ መስመርና ያገለገለ ቶርኖ የሚገዙበት ብድር ነው። የመጀመሪያ ሥራዎቻቸው አንዲት ቮልስና አንዲት ፊያት 600 ናቸው፤ ባለቤቶቻቸው ፈቃዳቸውን ሰጥተው ይጠብቃሉ። ጥያቄው እንደገና ይታይ። ተቀባይነት ካጣም ምክንያቱ በደብዳቤ ይሰጣቸው፣ ቁጥርና ማኅተም ይኑረው። የጠገበ ሰው ቅንጦት የሚለውም እዚያው ላይ ይስፈር፤ ይግባኝ ስንል እናያይዘዋለን።